ኳሷ ለምን ወደ ላይ ሄደች?

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን ሜዳ አሥራ ስድስት ልጆችን ኳስ አሰለጥናለሁ። አሰልጣኝ ነኝ ለማለት አፌን ይይዘኛል። ፊሽካ አለኝ፣ ሦስት ኳስ አለን፣ ልጆቹም ኮች ይሉኛል፤ በቃ ይኸው ነው። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 15 ነው። ዓምና ከጎረቤት ሰፈር ጋር ስንጫወት አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኝቶ መታት፤ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ አልፋ የሰው ግቢ ገባች። ጨዋታው ሲያልቅ እኔ ዘንድ መጣና ምን ብሳሳት ነው ወደ ላይ የሄደችብኝ ብሎ ጠየቀኝ። ችግር የለውም፣ ደግመህ ሞክር አልኩት። ልጁ ማጽናኛ አልነበረም የፈለገው፣ መልስ ነበር። እኔ ደግሞ መልሱን አላውቀውም ነበር። ቀጣዮቹን ሁለት ቅዳሜዎች አልመጣም።

ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር ከሞተ ብዙ ዘመን ስላለፈው አንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል ጓደኞቼ ነገሥታትንና ደራሲያንን ሲመርጡ እኔ ጂሚ ሆጋንን መረጥኩ። ዶርም ውስጥ ስሙን ስናገር አንዱ ለየትኛው ክለብ ነው የሚጫወተው አለኝ። አይፈረድበትም። በየታክሲው ስለ አርሰናልና ስለ ማንችስተር እየተሟገትን ያደግን ልጆች ነን፤ ኳሱን ለግማሽ አውሮፓ ያስተማረውን ሰውዬ ግን ማን ነግሮን። እኔም የደረስኩበት ያ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የጠየቀኝን ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው፤ ሆጋንም አንድ ቀን ያንኑ ጥያቄ ጠይቆ እንደኔ ያለ መልስ ስለተሰጠው።

ጄምስ ሆጋን፣ በኋላ ሁሉም ጂሚ ያለው፣ በ1882 በሰሜን እንግሊዝ፣ በላንክሻየር፣ ኔልሰን በምትባል የሽመና ፋብሪካ ከተማ ተወለደ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ ከአየርላንድ ዘር የሆነና ሃይማኖቱን አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። ልጁም በጉርምስናው ካህን የመሆን ሐሳብ ስለነበረው ማንችስተር ወደሚገኘው የቅዱስ ቤድ ኮሌጅ አዳሪ ተማሪ ሆኖ ገባ። የተማሪዎች አለቃ እስከመሆን ደረሰ፤ ክህነቱ ግን ቀረ። ኳስ አሸነፈችው።

ተጫዋች ሆኖ ትልቅ ስም አላወጣም። በትውልድ ከተማው በኔልሰን፣ በሮችዴል፣ ከ1903 ጀምሮ በበርንሌይ፣ ቀጥሎ በፉልሃም፣ በስዊንደንና በቦልተን ተጫወተ። ፉልሃም በ1908 ለእንግሊዝ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ እሱም ነበረበት፤ በኒውካስል 6 ለ 0 ተሸነፉ እንጂ። ከብዙዎቹ የዘመኑ ተጫዋቾች የሚለየው ነገሮችን መመርመር መውደዱ ነው። እግሩን ለማጠንከር ብሎ በገዛ እጁ ቆሞ የሚነዳ ብስክሌት ሠርቶ በየቀኑ ብዙ ማይል ይነዳ ነበር። ቆይቶ ሲያየው ፍጥነት የሚጨምርለት የመሰለው ነገር የእግሩን ጡንቻ ከማሳሰር በቀር ምንም እንዳልጠቀመው ገባው፤ ተወው። ይቺን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔም ልጆቹን ሜዳውን አሥር ጊዜ እያዞርኩ ለኳስ የሚጠቅም ነገር የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ዋናው ነገር የሆነው በርንሌይ እያለ ነው። በአንድ ጨዋታ ላይ ተከላካዮቹን አልፎ ከግቡ ፊት ደረሰና መታት፤ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ሄደች። ከጨዋታው በኋላ የቡድኑን ሥራ አስኪያጅ ስፔን ዊተከርን ስህተቱ ምን እንደሆነ ጠየቀው፤ እግሬን በተሳሳተ ቦታ አስቀምጬ ነው ወይስ ሚዛኔን ስቼ? ዊተከር የመለሰለት ዝም ብሎ መሞከሩን እንዲቀጥል፣ ከአሥር አንዱን ካገባ እንደሚበቃው ነው። ሌላ ተጫዋች ቢሆን ትከሻውን ነቅንቆ ይሄድ ነበር። ሆጋን ግን ከአሥሩ ዘጠኙ የሚስቱበት ምክንያት መኖር አለበት ብሎ አሰበ። ምክንያት ካለው ደግሞ ሊታወቅ ይችላል፤ የሚታወቅ ነገር ሊማሩት ይቻላል። እኔ እንደሚገባኝ ከዚያ በኋላ የኖረው ሃምሳ ዓመት ይቺን ሐሳብ ማስረጃ ሲፈልግላት ነው።

በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ልምምድ ማለት ሩጫ ነበር። ተጫዋቹ በሳምንቱ ውስጥ ኳስ ካላየ ቅዳሜ ላይ ይርበዋል፣ ሲርበው ደግሞ በደንብ ይጫወታል የሚል እምነት ነበራቸው። አሁን ሲሰማ ተማሪን ለፈተና እንዲጓጓ ብሎ ደብተር መከልከል ይመስላል። ችሎታም ከእናት ሆድ ይዘውት የሚወጡት ነገር ነው ይባል ነበር፤ ካለህ አለህ፣ ከሌለህ የለህም።

ቦልተን ሆላንድ ሄዶ ዶርድሬክት የተባለውን ቡድን 10 ለ 0 ሲያሸንፍ ሆጋን ከተጫዋቾቹ አንዱ ነበር። ሌሎቹ ሲስቁ እሱ ተመልሼ መጥቼ እነዚህን ልጆች ኳስ አስተምራቸዋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ጀምስ ሃውክሮፍት የሚባል ዳኛ ጓደኛው ቡድኑ አሰልጣኝ እንደሚፈልግ ነገረውና በ1910፣ ገና 28 ዓመቱ ሳለ፣ ተጫዋችነቱን ሳይጨርስ ሄደ። የጠበቁት ተጫዋቾች አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። እነዚህ ለምን ሲባሉ የሚወዱ፣ ለምን ብለውም የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው። ልምምዱን በኳስ አደረገው፤ ጥቁር ሰሌዳ አምጥቶ እየሳለ አስረዳ። በዚያው ዓመት የሆላንድን ብሔራዊ ቡድን ለአንድ ጨዋታ ይዞ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈ።

ሃውክሮፍት አሁንም ነው ከኦስትሪያው ሁጎ ማይዝል ጋር ያገናኘው። ማይዝል ለ1912ቱ የስቶክሆልም ኦሎምፒክ ቡድኑን የሚያዘጋጅለት ሰው ይፈልግ ነበር። የሆጋን የመጀመሪያ ልምምድ ቪየና ላይ አልሰመረም። ተጫዋቾቹ ቋንቋውም አልገባቸው፤ ሀ ሁ ያስቆጥረናል ብለውም ቅር አላቸው። ሁለቱ ሰዎች ሌሊቱን ሲነጋገሩ አመሹ፤ ከዚያ በኋላ ሆጋን ነገሩን የሚያቀርብበትን መንገድ ለወጠ። አንድ ትልቅ አሰልጣኝ የመጀመሪያ ቀኑ እንደከሸፈበት ማወቅ ለኔ ቢጤ ትልቅ ማጽናኛ ነው።

በ1914 ጦርነቱ ሲመጣ ቪየና ነበር። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ልውጣ ወይ ብሎ የእንግሊዝን ቆንስል ሲጠይቅ የሚያሰጋ ነገር የለም ተባለ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ጦርነት ታወጀ። የጠላት አገር ዜጋ ተብሎ ታሰረ። ሚስቱና ልጆቹ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እሱ ቪየና ውስጥ የገበያ አዳራሽ ያላቸው ብላይዝ የሚባሉ እንግሊዛዊ ወንድማማቾች ዋስ ሆኑለትና ለነሱ ሠራተኛ ሆኖ ልጆቻቸውን ቴኒስ ሲያስተምር ከረመ። ወደ ዓመት ተኩል ገደማ እንዲህ ካለፈ በኋላ የቡዳፔስቱ ኤም ቲ ካ ክለብ ሰዎች እሱን የማግኘት ዕድል ታያቸው። ባሮን ዲርስታይ የተባሉ የክለቡ ምክትል ፕሬዚዳንት ባላቸው ትውውቅ አስመጡት፤ ሁኔታው በየጊዜው ለፖሊስ እየቀረበ እንዲያመለክት ብቻ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ከዚህ በኋላ ስላለው ሁለት ዓመት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የኤም ቲ ካ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ጦር ሜዳ ናቸው። ሆጋን የቀረው ልጆች ብቻ ነው። በቡዳፔስት መናፈሻ ሁለት ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉ አይቶ ወሰዳቸው ይባላል፤ አንዱ ጆርጅ ኦርት (በነሱ አጠራር ጆርጂ) ሌላው ዮዜፍ ብራውን ነበር። ሁለቱም በ1901 የተወለዱ ናቸው፤ እንግዲህ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ሆጋን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሜዳ ላይ ይጠብቃቸዋል። እዚያ እያንዳንዱን ነገር ለየብቻው ያስተምራቸዋል፤ ኳስን በእግር ማቆም፣ በጭን ማብረድ፣ በቴስታ መምታት፣ በውስጥ እግር አጭር ፓስ መስጠት፣ በቀኝም በግራም። ራሱ እየሠራ ያሳያል። ሰውዬው ቃላት አልበዛም፤ ኳሷን ነበር የሚያናግራት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ባሰብኩት ቁጥር የሚገርመኝ ዕድሜያቸው ነው። አሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንዴት እንደሆነ በየቅዳሜው አያለሁ። በአንድ ክረምት ውስጥ ቁመቱ ይመዘዝና ትናንት የሚታዘዝለት እግሩ ዛሬ የሌላ ሰው እግር ይሆንበታል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ አዲሱን እግሩን ገና አልተዋወቀውም። ደግሞም ሰው ፊት መሳሳት የሚያፍርበት ዕድሜ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ አሥር ዙር ማስሮጥ ቀላል ነው፣ መስደብም ቀላል ነው። የሚከብደው አንዲት ነገር መርጦ፣ ያቺን ብቻ ለአንድ ሳምንት ይዞ፣ ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ ነግሮ ማስደገም ነው። ለዚህ ደግሞ አሰልጣኙ ከቤቱ ሳይወጣ ምን እንደሚያስተምር ማወቅ አለበት። እኔ ሜዳ ደርሼ ነበር የማስበው።

ለምሳሌ አሥራ ስድስት ልጆችና ሦስት ኳስ ይዤ በአንድ ረድፍ አሰልፌ በየተራ አስመታ ነበር። አንድ ቀን ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። አንዱ ልጅ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ኳስ የነካው ስድስት ጊዜ ነው። የቀረውን ጊዜ ተሰልፎ ይገፋፋል። ሆጋን ሁለት ልጆች ይዞ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ሲሠራ እያንዳንዳቸው ስንት ጊዜ እንደሚነኩ አስቡት።

ውጤቱ የታወቀ ነው። ኤም ቲ ካ ከ1917 እስከ 1925 የሃንጋሪን ሻምፒዮና በተከታታይ ወሰደ። ሆጋን አብዛኛውን አላየውም፣ ጦርነቱ በ1918 ሲያልቅ ወደ አገሩ ሄዷል፤ ግን ልጆቹ ነበሩ የሚጫወቱት። ኦርት የትም ቦታ የሚጫወት፣ ኳስ በአእምሮው የሚጫወት የሚባልለት ሆነ፤ በ1925 ቪየና ላይ በደረሰበት ከባድ የእግር ጉዳት ያ ጨዋታው ቀረ። በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ የቺሊን ቡድን ይዞ በ1930ው የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ተገኝቷል። ብራውን የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነበር፤ አይሁዳዊ በመሆኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለግዳጅ ሥራ ተወስዶ በ1943 ሞተ። መናፈሻ ውስጥ ኳስ ሲያንከባልሉ የተገኙት ሁለቱ ልጆች መጨረሻቸው እንዲህ ተለያየ።

ሆጋን እንግሊዝ ሲመለስ በጦርነቱ የተቸገሩ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ድጎማ እንደሚሰጣቸው ሰማ። ገንዘብ ተበድሮ ለንደን ሄዶ የእግር ኳስ ማኅበሩን ጸሐፊ አነጋገረ። ያገኘው ካልሲ ነበር፣ የወታደር ካኪ ካልሲ፤ ግንባር ያሉት ልጆች ይህንንም በማግኘታቸው ደስ ይላቸው እንደነበር በሚያስታውስ አነጋገር። ጦርነቱን በጠላት አገር ኳስ እያሰለጠነ ያሳለፈ ሰው ከዳተኛ መስሎ ታያቸው። ታስሮ እንደነበር ማንም አልጠየቀውም። ሊቨርፑል ውስጥ በትምባሆ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሠራ፤ ቀጥሎ ውጭ አገር ሄደ።

የሃያዎቹን ዓመታት በፍጥነት ላልፈው ነው። ስዊዘርላንድ ሠራ፤ የስዊስ ቡድን በ1924ቱ ኦሎምፒክ ብር ሜዳልያ ሲያገኝ ከአሰልጣኞቹ አንዱ ነበር። ተመልሶ ቡዳፔስት ሄደ። ከዚያ ጀርመን። ጀርመን ውስጥ አንድ ጊዜ ንግግር ሲያደርግ ጀርመንኛው ተደናቀፈበትና አዳራሹ ይስቅበት ጀመር ይባላል። ሆጋን ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ። ባዶ እግሩን ኳሷን ግድግዳው ላይ ያለ ሳንቃ ላይ በቀኙ መታ፤ ስትመለስለት በግራው ደገማት፤ ሳንቃው ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰዋስው ያነሳ ሰው አልነበረም። ድሬስደን ውስጥ ካሰለጠናቸው ወጣቶች አንዱ ሄልሙት ሾን ነው፤ በ1974 ምዕራብ ጀርመንን ለዓለም ዋንጫ ያበቃው አሰልጣኝ።

በ1932 ደግሞ ማይዝል የኦስትሪያን ድንቅ ቡድን ወደ ለንደን ሲያመጣ ሆጋንን አብሮ ጠራው። በስታምፎርድ ብሪጅ 4 ለ 3 ተሸነፉ፤ ነገር ግን የእንግሊዝ ሕዝብ እንዲህ ያለ ቅብብል አይቶ አያውቅም ነበር። ያኔ ነው አገሩ ትንሽ ያስታወሰው። ፉልሃም በ1934 አሰልጣኝ አደረገው።

እዚያ የሆነውን ማንበብ ያሳፍራል። ነባር ተጫዋቾቹ እኛ ለሙያው አዲስ አይደለንም፣ ኳስ ማቆም ሊያስተምረን ነው ወይ ብለው አኮረፉ። ሆጋን ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው የተሰናበተው። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ1936 በርሊን ኦሎምፒክ፣ የኦስትሪያን አማተር ቡድን ለፍጻሜ አብቅቶ ብር ሜዳልያ ወሰደ። ከዚያ አስተን ቪላ ሄዶ በ1938 ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ወደ አንደኛው መለሰው። እንግዲህ ሰውዬው የቀድሞው ሰውዬ ነው፣ ትምህርቱም የቀድሞው ነው። ፉልሃም ላይ የጎደለው ተማሪ ነበር። ልማድ ከያዘው የሠላሳ ዓመት ሰው ይልቅ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለዚህ ትምህርት ምቹ እንደሆነ ሕይወቱ ራሱ ይመሰክራል ባይ ነኝ። የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ፤ ቪላም ላይ የሠሩት አዋቂዎች ናቸው ይሉኛል። እውነት አላቸው። ግን ጥያቄ መጠየቅ ያልተዉ አዋቂዎች መሆን አለባቸው።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በስኮትላንዱ ሴልቲክ ሠራ። አንዳንዶቹ አንጋፋዎች ሽማግሌው ብለው ይቀልዱበት ነበር፤ ወጣቱ ቶሚ ዶከርቲ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያመሰግነው ኖሯል። በመጨረሻ ወደ አስተን ቪላ ተመለሰ፤ የተሰጠው ሥራ ታዳጊዎቹን ማሰልጠን ነበር። ሰባ ዓመት አልፎት፣ ቁምጣ ለብሶ፣ ኳስ እንዴት እንደሚቆም ለልጆች ያሳያል።

ኅዳር ወር 1953፣ ቀኑ 25፣ ሃንጋሪ ዌምብሌይ መጣች። እንግሊዝ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ውጭ በመጣ ቡድን በሜዳዋ ተሸንፋ አታውቅም ነበር። ሆጋን የቪላን ታዳጊዎች ይዞ ከተመልካቹ መሃል ተቀምጧል። ለልጆቹ በየሳምንቱ የሚነግራቸውን ነገር አንድ ቀን በሙሉ መጠኑ እንዲያዩት ነው ያመጣቸው። ናንዶር ሂዴግኩቲ በመጀመሪያው ደቂቃ አገባ፤ በአጠቃላይ ሦስት አገባ፤ እሱ ደግሞ ከዚያው ከሆጋን የድሮ ክለብ የወጣ ነው። ውጤቱ 6 ለ 3። የሃንጋሪው አሰልጣኝ ጉስታቭ ሼበሽ ከጨዋታው በኋላ ኳስን የተጫወቱት ሆጋን ባስተማራቸው መንገድ እንደሆነና የአገራቸው የኳስ ታሪክ ሲጻፍ ስሙ በወርቅ ቀለም መጻፍ እንዳለበት ተናገረ። እንግሊዝ ውስጥ በዚህ የተናደደ ነበር። ሽማግሌው ግን ከልጆቹ ጋር አውቶቡሱን ተሳፍሮ ወደ በርሚንግሃም ሄደ ብዬ መጻፍ አማረኝ፤ በምን እንደሄዱ የሚል ስላላገኘሁ ተውኩት።

ሆጋን በጥር 1974 በርንሌይ ውስጥ በ91 ዓመቱ ሞተ። ያቺ ኳስ ከአግዳሚው በላይ የሄደችበት ከተማ መሆኑ ነው። ጀርመኖቹ ለልጁ በጻፉት የሐዘን ደብዳቤ የአገራቸው ዘመናዊ እግር ኳስ አባት ብለውታል። በዚያው ዓመት በጋ ላይ የሾን ቡድን የዓለም ዋንጫን አነሳ፤ እሱ አላየውም።

እኔም አሁን ዓርብ ማታ ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ። ያለፉትን አራት ቅዳሜዎች ርዕሱ አንድ ነበር፤ በእግር ጀርባ መምታት። ልጆቹን ሦስት ቦታ እከፍላቸዋለሁ፤ በየኳሱ አምስት ስድስት ሆነው ይሠራሉ፣ ኳስ ያልደረሰው ትንሽ ድንጋይ አስቀምጦ የቆመበትን እግር አቀማመጥ ይለማመዳል። የቆመው እግር ከኳሷ ጎን ይሁን፣ ከኋላዋ አይቅር። ቁርጭምጭሚት ይጠንክር። ጉልበት ከኳሷ በላይ ይሁን፤ ደረት ወደ ኋላ አይውደቅ። የኳሷ መሃል ይመታ፣ ከሥሯ አትጭለፍ። ሃያ ደቂቃ እንዲህ፣ ከዚያ በትንሽ ሜዳ አራት ለአራት፣ ግቡም ከጉልበት በታች የገባ ብቻ ይቆጠራል። ሩጫውን ቀነስኩት፤ በጨዋታው ውስጥ ይሮጣሉ።

ሁለት ቅዳሜ የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠራሁት። እናቱ ቡና አፍልተው ነበር፣ ሳልጠጣ አልለቀቁኝም። ዓምና ለጠየቅከኝ መልስ አግኝቻለሁ አልኩት። የቆመው እግሩ ከኋላ ቀርቶ፣ ገላው ወደ ኋላ ወድቆ እንደነበር በቡና ስኒ እያሳየሁ አስረዳሁት። ትንሽ አሰበና የግራውስ እግር እንዲሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ባለፈው ቅዳሜ አሥር ጊዜ በቀኙ መታ፤ አራቷ አሁንም ወደ ላይ ሄደች። የአራቷንም ምክንያት ግን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀቴ ላይ የግራ እግር የሚል ጽፌአለሁ።